በዱቦ፥ ከእግር ኳስ ደጋፊዎች ዘንድ

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ የሆሳዕናን መንገድ የያዘ መንገደኛ የዳሞታን ተራራ እየተወ ወደ ሰሜን ሲጓዝ፤ በግራም በቀኝም የሚያየው እንሰትና ቡና፤ ጎደሬና ስኳር ድንች፤ በመካከሉም እርስ በርሱ የተጠጋጋ ቤት ነው። የአገሩ ሕዝብ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ ለእርሻ ያልዋለ መሬት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እንዲህም ሆኖ ሳለ በየመንደሩ ሣር ብቻ የለበሰ፤ አጥር የሌለው ሜዳ ይታያል። እንግዳ ሰው «ይህን የመሰለ መሬት ስለ ምን ሳይታረስ ቀረ?» ብሎ ቢጠይቅ ሜዳው የሁሉ ነው የሚል መልስ ያገኛል። በወላይታ ልማድ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመክርበትና ሽማግሌዎች ክርክር ሰምተው የሚፈርዱበት አደባባይ ዱቡሻ ይባላል። በዚህ ዓይነት የጋራ ሜዳ ላይ በዘመናችን ከሰዓት በኋላ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ፍርድም ጨዋታም በአንድ ሣር ላይ ይውላል።

ዱቦ በቦሎሶ ሶሬ አገር፤ ከአረካ ከተማ ብዙ ሳትርቅ ትገኛለች። ስሟ በሩቅ የታወቀው በካቶሊክ ሚስዮንና በሆስፒታሉ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ዱቦ ሲባል የሚያስታውሰው ወደ ሐኪም ያደረሰውን በሽተኛ ነው። እኛም በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር ወደዚያ የሄድነው ለሌላ ጉዳይ ነበረ። ነገር ግን የደረስንበት ቀን ቅዳሜ ሆነና በመንገዱ ዳር ከሠላሳ የማያንሱ ወጣቶች ከበሮ ይዘው፤ ቀይ፥ ጥቁርና ቢጫ ጥለት ያለውን ልብስ ለብሰው ሲዘፍኑ አገኘናቸው። ሙሽራ ይዘው የሚሄዱ መስሎን መንገድ ለቀቅንላቸው። ሙሽራ ግን አልነበረም፤ ሊያዩ የሚሄዱት የወላይታ ዲቻን ጨዋታ ነበረ።

ያ የለበሱት ልብስ ዱንጉዛ ይባላል፤ የወላይታ ሸማኔ የሚሠራው የክብር ልብስ ነው። ዱሮ በበዓልና በሠርግ ቀን ይለበስ የነበረው፤ ዛሬ ለኳስ ጨዋታም ይለበሳል። ወላይታ ዲቻ በ2001 ዓ.ም. የተመሠረተ የሶዶ ክለብ ሲሆን፤ ደጋፊዎቹ «የጦና ንቦች» ብለው ይጠሩታል። ጦና የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ነበረ፤ በ1887 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ጋራ ተዋግቶ ድል ተነሥቷል። ድል የተነሣ ንጉሥ ስም ድል ለሚሹ ልጆች መጠሪያ መሆኑ ታሪክን ለሚወድ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ከወጣቶቹ አንዱ በዚያ ሙቀት ወፍራም የሱፍ ሻርፕ በአንገቱ ጠምጥሞ ስላየነው «ይህ የብርድ አገር ልብስ አይደለምን?» ብለን ጠየቅነው። «ጋሼ፥ ይህ የሚለበሰው ለብርድ አይደለም፤ የማን እንደ ሆንሁ እንዲታወቅ ነው» አለን። ልማዱ ከእንግሊዞች የመጣ ነው፤ ከእነርሱም ዘንድ ወደ ብዙ አገር ተሻግሯል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በአሜሪካ የሆነው ነው። አሜሪካኖች «ፉትቦል» ብለው የሚጠሩት ሌላ ጨዋታ ስላላቸው የእግር ኳስን ለብዙ ዘመን የልጆችና የስደተኞች ጨዋታ አድርገው ይቆጥሩት ነበረ። በ1986 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ በአገራቸው ሲደረግ ግን በ52 ጨዋታ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ስታዲዮም ገብቶ ተመለከተ፤ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ አሁን ያለው ትልቁ ውድድራቸው ተጀመረ። ዛሬ ፖርትላንድ በምትባለው የእንጨት ሥራ ከተማ የራሳቸው ቡድን ግብ ባገባ ቁጥር ከግንድ ላይ አንድ ቁራጭ በመጋዝ ይቈረጣል፤ ደጋፊውም ይጮኻል። በሲያትል ደጋፊዎች ከከተማው አደባባይ ተነሥተው ከበሮ እየመቱ እስከ ስታዲዮሙ በሰልፍ ይሄዳሉ፤ ከዚህም በላይ አባል የሆኑት በየአራት ዓመቱ ድምፅ ሰጥተው የክለቡ ሥራ አስኪያጅ እንዲቀጥል ወይም እንዲነሣ የመወሰን ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። በዚያው አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም በ1976 ዓ.ም. የስፖርት ፌዴሬሽን መሥርተው በሰኔ መጨረሻ ከየከተማው ይሰበሰባሉ፤ ኳሱን ከሚያዩት ይልቅ ዘመድ የሚፈልጉትና ወጥ የሚሸጡት ይበዛሉ ይባላል።

አሜሪካኖች ዘፈኑንም ሰልፉንም በቅርብ ዘመን አስበው መሥራት ነበረባቸው። የዱቦ ልጆች ግን ዘፈኑን ከአባቶቻቸው ቤት ነው ያገኙት፤ ከጊፋታ በዓልና ከሠርግ አምጥተው የተጫዋቾቹን ስም ጨመሩበት እንጂ አዲስ ነገር መፍጠር አላስፈለጋቸውም።

ክለቡ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ ወሰደ፤ በዚህም ምክንያት በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሰለፈ። የደረሰው የግብፁ ዛማሌክ ነበረ፤ ይህም አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነ ታላቅ ክለብ ነው። በሐዋሳ ዲቻ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በካይሮ ዛማሌክ 2 ለ 1 መለሰ፤ በመጨረሻ በመለያ ምት ዲቻ 4 ለ 3 ረታ። ከዚያ በኋላ የታንዛንያው ያንግ አፍሪካንስ ቢያስቀረውም፤ የዱቦ ሰው ስለዚያ የመጋቢት ምሽት ሲናገር ትናንት የሆነ ያስመስለዋል። አንድ አባት «ልጄ እንጨት እየፈለጠ ሳለ ጮኸ፤ እግሩን የቈረጠ መስሎኝ ሮጥሁ» ብለው አጫወቱን።

የሐዋሳ ስታዲዮም በዚያን ጊዜ ለዲቻ ቤት ሆኖለት ነበረ። ነገር ግን ሦስት ወር ሳይሞላ በሰኔ 2010 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ጠብ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ከመኖሪያው ተፈናቀለ። ይህ ከኳስ የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን ወደ ሐዋሳ ለጨዋታ በሚሄድ ልጅ እናት ልብ ውስጥ የሚያድር ፍርሃት ከየት እንደ መጣ ያልነገርነው አንባቢ ሊያውቀው አይችልምና ጻፍነው።

ፍርሃቱም የጨመረው ዲቻ በራሱ ከተማ መጫወቱ ስለ ቀረ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ በየክለቡ ከተማ መደረጉ ቀርቶ፤ ክለቦቹ ሁሉ ለጥቂት ወራት በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ፤ በጅማ፥ በባሕር ዳር፥ በድሬዳዋ፥ በአዳማ፥ በሐዋሳ እየተፈራረቁ እንዲጫወቱ ሆነ። ከዚያ በፊት የዱቦ ወጣት ከምሳ በኋላ ተነሥቶ ሶዶ ጨዋታ አይቶ ለራት ቤቱ ይደርስ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ግን ወይ የሩቅ አገር ጉዞና አዳር፤ ወይ በቴሌቪዥን ማየት ሆነበት። ይህን በሰማን ጊዜ ፍቅሩ የሚቀዘቅዝ መስሎን ነበረ፤ ያገኘነው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። አሥር አሥር ብር እያዋጡ በየተራ ሦስት ሦስት ሰው ወደ ሐዋሳ ይልካሉ፤ የተላከውም ሲመለስ ያየውን ቆሞ ይናገራል። ዕቁብ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለማሰብ አልተቸገረም።

ለቤተ ሰብ አለቆች ግን የሚያሳስብ ነገር አለ። ሴቶች ልጆችም ዱንጉዛ ለብሰው ከወንድሞቻቸው ጋራ መዝፈናቸውን አንዳንድ አባቶች ሲነቅፉ ሰምተናል፤ እኛ ግን ነቀፌታውን አልተቀበልነውም፤ በጊፋታ ሲዘፍኑ ማን ከለከላቸው? የከፋው የውርርድ ቤት ነው። ልጁ የዲቻን ቡድን ስለ ወደደ ሳይሆን፤ ስማቸውን እንኳ አስተካክሎ በማይጠራቸው በእንግሊዝ አገር ቡድኖች ላይ የዝንጅብል ሽያጭ ገንዘብ አስይዞ ሲመለስ፤ እናቱ ልጇን ኳስ እንዳበላሸው ትቈጥራለች። ደጋፊነትና ቁማር ሁለት መሆናቸውን ለእርሷ ማስረዳት የአባትየው ሥራ ነው።

ከወጣቶቹ ጋራ ሆነን ጨዋታው ወደሚታይበት ቤት ገባን። በር ላይ ይከፈላል፤ በውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ሽማግሌዎች ከፊት ተቀምጠዋል። ሰባኛው ደቂቃ ላይ ዝናብ ወረደና መብራት ጠፋ። በዚህ ጊዜ አንድ ልጅ በሐዋሳ ስታዲዮም ወዳለው ጓደኛው ስልክ ደወለ። ስልኩን በጆሮው ይዞ የሚሰማውን እየተቀበለ ጮኾ ይናገራል፤ ቤቱም በሙሉ በጨለማ ውስጥ ትንፋሹን ይይዛል። «ኳሱ ከእኛ ጋራ ነው… ተቀማ… በረኛችን ያዘው!» ሲል እልል ይባላል። እውነቱን ለመናገር፤ መብራት ሳለ ካየነው ይልቅ በጨለማ የሰማነው ጨዋታ በለጠብን። እንዲህ እየሆነ አቻ ለአቻ አለቀ።

ክርክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወጣቶቹ «የከፈልነው ለዘጠና ደቂቃ ነው፤ ያየነው ሰባውን ነው» አሉ። ባለቤቱ «መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝን?» አለ። ከፊት የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሁሉን ዝም አሰኝተው «ጄኔሬተር የለህምን?» ሲሉ ጠየቁት።

«አለኝ አባባ፤ ቤንዚን ግን አልነበረም።»

«እንግዲያስ መብራት መጥፋቱ ያንተ ጥፋት አይደለም፤ ቤንዚን አለመኖሩ ግን ያንተ ነው። ዛሬ የከፈለ በሚመጣው ጨዋታ በግማሽ ዋጋ ይግባ» ብለው ፈረዱ። ሁለቱም ወገን ፍርዱን ተቀበለ። የከፈሉት እንዲታወቁ ስማቸው ይጻፍ ተባለና፤ ሥራችን ጽሕፈት መሆኑን ሰምተው ስለ ነበረ ደብተሩን ለእኛ ሰጡን። በሻማ ብርሃን ጽፈን ብንቈጥር 71 ስም ሆነ፤ ባለቤቱ ግን «ወንበሬ የሚይዘው 60 ሰው ብቻ ነው» ብሎ ሌላ ክርክር አነሣ።