የዋንዛው ሙቀጫ

ስለ ሕዝባችን የእጅ ጥበብ ሲነሣ ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጡት ጥለቱ ያማረ ሸማ፣ በቀለም የተዋበ ስፌት፣ በዛጎል ያጌጠ የወተት ዕቃ ናቸው። ሙቀጫን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሙቀጫ ጌጥ የለውም። ይሁን እንጂ በኦሮምኛ «ሞዬ» የሚባለው ይህ የሥራ መሣሪያ ከጌጥ የሚበልጥ ነገር ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

በቤተሰባችን እጅ የሚገኘው ሙቀጫ ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ ዘነዘናውም ከወይራ የተጠረበ ነው። ምርጫው ያለ ዕውቀት የተደረገ አይደለም። ዋንዛ ለመፈልፈል ይመቻል፣ በቀላሉም አይሰነጠቅም፤ ወይራ ደግሞ ከባድና ጠንካራ በመሆኑ ምቱ ይበረታል። ገብስ ለገንፎና ለጩኮ የተሸከሸከው፣ በቆሎና ማሽላ የተፈተገው በዚህ ነው። በርበሬና ቡና የየራሳቸው ትንሽ ሙቀጫ ስለነበራቸው ወደዚህ አይቀርቡም ነበር። ሥራው ሲበዛ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው እየተፈራረቁ ይወቅጣሉ፤ የአንዷ ዘነዘና ሲነሣ የሌላዋ ይወርዳል። ልጆች ከከበሮ በፊት ምትን የለየነው በዚህ ድምፅ ነበር።

«አኮ» እያልን የምንጠራቸው አያቴ ሙቀጫውን ያመጡት ዛሬ የቆቃ ሐይቅ ከተኛበት መስክ ነው። ኢጣልያ በከፈለችው የጦርነት ካሳ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ውኃው ግጦሹንም እርሻውንም ሸፈነው። ቤተሰቡ ጎጆውን ትቶ ሲነሣ ከብቱ በእግሩ ሄደ፤ ሙቀጫው በአህያ ተጫነ። ከዚያ ቀዬ ዛሬ በእጅ የሚዳሰስ የቀረን እርሱ ብቻ ነው። ያው ግድብ ግን 43 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ የኤሌክትሪክ ምንጭ ነበር። መብራት በየከተማው እየተዳረሰ፣ ወፍጮ ቤቶችም እየበዙ ሲሄዱ ሙቀጫው አረፈ።

በዚህ አላዝንም። የአባቴ እኅት ፊደል ሳይቆጥሩ የቀሩት ቀኑን ሙሉ ከዘነዘናው ስለማይለዩ ነው፤ ልጆቻቸው ግን አዳማ ተምረው መምህራን ሆነዋል። ወፍጮው ከሴቶቻችን ትከሻ ያወረደውን ሸክም አቃልሎ የሚያይ፣ ዘነዘና አንሥቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

አኮ ካረፉ በኋላ ሙቀጫው አከራከረን። በሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያለው አንድ ባለሀብት አበባ ሊተክልበት ፈልጎ ጥሩ ዋጋ ሰጠ። ከወንድሞቼ አንዱ፣ ያለ ሥራ ተቀምጦ ምስጥ ከሚበላው ገንዘቡ ለልጆች ትምህርት ይዋል አለ፤ ሐሳቡም መሠረት የሌለው አልነበረም። አክስቴ ግን ምንም ሳይመልሱ እጃቸውን ወደ ሙቀጫው ሆድ ሰደዱ፤ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ገባ። ቀጥለውም፣ «ጠራቢው ይህን ያህል አላጎደጎደውም፤ የቀረውን የቆፈርነው እኛ ነን። የእኔን ድርሻ ለዩልኝና የተረፈውን ሽጡ» አሉ። የሚለይ አልተገኘም፤ ሙቀጫውም አልተሸጠም።

የሙቀጫ ጥበብ የጠራቢው ብቻ አይደለም። ጠራቢው ጀመረው፤ የወቀጡት ሴቶች በብዙ ዓመታት ድካም ቅርጹን ሰጡት። ስለሆነም ሙቀጫ ወደ ቤተ መዘክር ወይም ወደ ትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ሲገባ፣ ከእንጨቱ ዓይነትና ከቁመቱ ጋር እነማን እንደወቀጡበት፣ ምን እንደወቀጡበት፣ ከየትስ ተጭኖ እንደመጣ ይጻፍለት። ይህን የሚያውቁ እናቶች በሞጆም፣ በመቂም፣ ዝዋይ በምንላት በባቱም፣ በአዳማም አሉ። መምህሩ ተማሪውን ወደ እነርሱ ይላክ፤ ሠዓሊውም ሙቀጫን ሲሥል ከውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጡም ጎንበስ ብሎ ይመልከት።

የእኛው ሙቀጫ ዛሬ በአክስቴ ቤት ይገኛል። በዓል ሲቃረብ ገብስ ይሸከሸክበታል፤ ጥልቀቱም ገና አላበቃም።