ስለ አሩጋም የባሕር ወሽመጥና ሞገድ ስለሚጋልቡ ሰዎች

ሲሪላንካ የተባለችው ደሴት፤ እስከ 1972 ድረስ ሴሎን ስትባል የኖረችው፤ ለአገራችን ታሪክ እንግዳ አይደለችም። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ6ኛው ምዕት ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በጻፈው መጽሐፍ ከኢትዮጵያና ከፋርስ የሚነሡ መርከቦች ወደዚያች ደሴት ይደርሱ እንደ ነበር ይናገራል። የጥንት መርከበኞች የነፋሱን ወራት ጠብቀው ይጓዙ ነበር። ዛሬም በዚያው ነፋስ ወራት ወደ ደሴቲቱ የሚጎርፉ ሌሎች መንገደኞች አሉ፤ የእነዚህ ግን ጉዳያቸው ንግድ ሳይሆን ሞገድ መጋለብ ነው።

የሚሄዱበትም ስፍራ በምሥራቁ ጠረፍ፤ ጶቱቪል በምትባል ከተማ አጠገብ የሚገኘው የአሩጋም ወሽመጥ ነው። በዚያ አገር እስላሞች፤ ታሚሎችና ሲንሃላዎች በጉርብትና ይኖራሉ። በወሽመጡ ደቡብ ጫፍ ምድሩ እንደ ክርን ወደ ባሕሩ ይወጣል፤ ከክርኑም ወዲህ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች በአሸዋው ላይ ተደርድረው ይታያሉ።

ይህ ጨዋታ ረዥም ሳንቃ ይዞ ወደ ባሕር መግባት፤ ሞገዱም ሲነሣ በሳንቃው ላይ ቆሞ ከፊቱ መንሸራተት ነው። ፈረንጆች ሰርፊንግ ይሉታል እንጂ ጨዋታው ከእነርሱ አልተገኘም፤ የሃዋይ ደሴቶች ሰዎች ከጥንት ጀምሮ፤ መኳንንቱም ሕዝቡም፤ ይጫወቱት ነበር። በ1779 ከካፒቴን ኩክ ጋራ የሄዱት እንግሊዞች አይተው በመደነቅ ጽፈውለታል። ከዚያም በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በዋና የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው የሃዋይ ተወላጅ ዱክ ካሃናሞኩ በአሜሪካና በአውስትራልያ አስተዋወቀው።

የአሩጋም ሞገድ የሚወለደው በዚያው በወሽመጡ አይደለም። ከምድር ወገብ እጅግ ርቆ በደቡብ በኩል ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ባሕሩን ሲያናውጠው፤ ሞገዱ ከዚያ ተነሥቶ ብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በጥልቁ ውሃ ላይ ሳለ ዝቅ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ በመርከብ ያለ ሰው እምብዛም አያስተውለውም። ወደ ምድሩ ክርን በደረሰ ጊዜ ግን ከየብስ የቀረበው ወገኑ ጥልቀት ሲያጣ ይዘገያል፤ በጥልቁ ያለው ወገኑ ይፈጥናል። በሰልፍ የሚሄድ ጭፍራ የዳር ወታደሮቹ እርምጃቸውን ሲያሳጥሩ ረድፉ በሙሉ እንደሚዞር፤ ሞገዱም እንደዚሁ ክርኑን ዞሮ ወደ ወሽመጡ ይገባል። ሲሰበርም ባንድ ጊዜ አይወድቅም፤ ከጫፉ ጀምሮ በተራ እየተገለበጠ ይሄዳል። ስለዚህ ጋላቢው ፊቱን ወደ የብስ ሲያደርግ በስተቀኙ እየሸሸ፤ መልካም በሆነ ቀን ብዙ መቶ ሜትር ሊጋልብ ይችላል።

ወራቱ በእኛ አገር ክረምት የሚሆንበትን ጊዜ ጨምሮ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ዋናው ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ፤ ማለት በዚህ ጠረፍ ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ፤ የሞገዱን ፊት ደግፎ ያስተካክለዋል። ከኅዳር ወዲህ ግን ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ዝናም ይዞ ይመጣል፤ ባሕሩም ይበጠበጣል። ሰዓትም ይመረጣል፤ ማለዳ ውሃው ጸጥ ያለ ነውና ዐዋቂዎቹ ፀሐይ ሳትወጣ ይገባሉ፤ ቀኑ ሲሞቅ የባሕሩ ነፋስ ይነሣና ሞገዱን ያሻክረዋል።

እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ሁሉ ከዳር ቆሞ ሊያየው አይችልም። ባሕሩ ጥቂት ደቂቃ ጸጥ ይላል፤ ቀጥሎ ታላላቆቹ ሞገዶች ተከታትለው ይመጣሉ። በጸጥታው ተታሎ የገባ ሰው በመካከላቸው ይያዛል። ከውሃው በታች ድንጋይና እግር የሚወጋ ጃርት መሰል የባሕር ፍጥረት አለ። አሸዋውም እየተዛወረ ዘንድሮ ጥልቅ የነበረውን ለከርሞ ያጎድለዋል። የተሰበረው ውሃ ወደ ባሕር ሲመለስም ሰው ይዞ የሚሄድ ጉልበት አለው፤ በአገራችን እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እንደሚባለው ማለት ነው። በዚህ የተያዘ ሰው ፊት ለፊት ቢታገለው ይደክማል፤ ወደ ጎን ቢዋኝ ግን ይወጣል። ይህን አስቀድሞ የሚነግሩት ዘወትር በባሕሩ የሚውሉት ዓሣ አጥማጆችና ልጆቻቸው ናቸው።

በውሃውም ላይ ሥርዐት አለ። ሞገዱ ከሚሰበርበት ቦታ የቀረበው ሰው ባለ መብት ነው፤ ሌላው በፊቱ አይገባበትም። ወደ ውስጥ የሚቀዝፍ ሰው የሚጋልቡትን መንገድ አይዘጋም፤ ሳንቃውንም አይለቅም፤ ባለቤት ያጣ ሳንቃ የሌላውን ራስ ይፈነክታልና። ይህን ሕግ የሚጠብቅ ዘበኛ የለም፤ የሚያስከብረው መተፋፈር ብቻ ነው።

ነገር ግን የባሕሩ ዕውቀት ሁሉ ያልበቃበት ቀን መጥቶ ነበር። ታኅሣሥ 17 ቀን፤ በአውሮፓውያን ዲሴምበር 26 ቀን 2004፤ በሱማትራ አጠገብ ከባሕር በታች ምድር ተናወጠች። ከዚያ የተነሣው ሞገድ ከነፋስ ያልተወለደ ስለሆነ በወራትም በሰዓትም አይታወቅም ነበር። ወደ ሲሪላንካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀበት። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ መናወጡን በመሣሪያ ያወቁ ሊቃውንት በሩቅ አገር ነበሩ፤ ለጠረፉ ሕዝብ ወሬውን የሚያደርስ ግን አልተገኘም። በደሴቲቱ ከ30 ሺሕ በላይ ሰው አለቀ፤ አሩጋምም እጅግ ከተጎዱት ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በህንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ያሉ መንግሥታት የማስጠንቀቂያ ሥርዐት አቋቁመዋል። ዕውቀት በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ለሚያስፈልገው ሰው በጊዜው ካልደረሰ፤ እንደሌለ የሚቈጠር መሆኑን ለሹም ሁሉ የሚያስተምር ነው።

የአሩጋም ሰዎች ሙታናቸውን ቀብረው፤ ቤታቸውንም መልሰው ሠሩ። ከ1983 እስከ 2009 የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ እንግዳው በዛ፤ የዓሣ አጥማጆቹም ልጆች የሞገድ አስተማሪዎች ሆኑ። በ2018 የአገሩ ሴቶች የራሳቸውን የሞገድ ጋላቢዎች ማኅበር አቋቋሙ። ሴት ልጅ ከባሕር ዳር እንድትርቅ ልማድ ያዝ በነበረበት መንደር፤ እናቶች ዛሬ ልጆቻቸውን እያዩ ሳንቃ ተሸክመው ይገባሉ።

ልጁን ወደ ባሕር አገር ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚልክ ወላጅ ከስንቁ ጋራ አንድ ምክር ይጨምርለት፤ ይኸውም ውሃውን ከመንካቱ በፊት የቦታውን ሰው በትሕትና እንዲጠይቅ ነው። ዋና መቻል ሰውን በማንኛውም ባሕር አይጠብቀውም፤ እያንዳንዱ ጠረፍ የራሱ ጠባይ አለውና። መጠየቅ ለሚያፍር ወጣትም ጀግንነት ሳይጠይቁ መግባት እንዳልሆነ ይነገረው፤ በአሩጋም ሞገዱን ከሁሉ አብልጠው የሚጋልቡት ማለዳ ዳር ቆመው ለረዥም ጊዜ ባሕሩን የሚመለከቱት ናቸው።