ለንደን ከምድር በታችና ከምድር በላይ

ለትምህርት ወደ ለንደን የሚሄድ ወጣት ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ እንደ ወጣ ከከተማይቱ ጋር የሚተዋወቀው በመንገዷ ሳይሆን በካርታዋ ነው። ይኸውም በየጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚታየው የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ ነው። መስመሮቹ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በሌላም ቀለም ተለይተው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ሲታጠፉም በልክ ይታጠፋሉ። ለዓይን ያምራል፤ ለመንገደኛም ይመቻል። ነገር ግን የከተማይቱን መልክ ያሳየኛል ብሎ የሚያምነውን ሰው ያሳስታል።

ካርታውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 የነደፈው ሃሪ ቤክ የተባለ የኤሌክትሪክ ንድፍ ሠራተኛ ነበር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከምድር በታች ላለ ተሳፋሪ የሚያስፈልገው የት እንደሚሳፈር፣ የት ባቡር እንደሚለውጥና የት እንደሚወርድ ማወቅ እንጂ ከላይ ያለው መንገድ ርዝመት አይደለም ሲል አሰበ። ስለዚህ ርቀቱን ትቶ ቅደም ተከተሉን ብቻ አስቀመጠ። ኃላፊዎቹ መጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ በ1933 ታትሞ ሲወጣ ግን ሕዝቡ ወደደው።

ጣጣው የሚመጣው በተማሪ ኪስ ላይ ነው። ከሌስተር ስኩዌር እስከ ኮቨንት ጋርደን ያለው ርቀት በካርታው ላይ እንደ ማንኛውም ጣቢያ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን 260 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በባቡር የሚሄደው ሰው ወደ ታች ወርዶ፣ ባቡር ጠብቆ፣ ኮቨንት ጋርደን ሲደርስም ለአሳንሰር ተሰልፎ (ወይም 193 ደረጃ ወጥቶ) ብቅ እስኪል ድረስ በእግሩ የመጣው ጓደኛው ቡናውን አዝዞ ይጠብቀዋል። የከፈለውም ገንዘብ የመካከለኛውን ከተማ ከዳር እስከ ዳር ካቋረጠው መንገደኛ ጋር እኩል ነው።

በእርግጥ ባቡሩን መናቅ አይገባም። በጥር 1863 ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን ሲከፈት በዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ነበር፤ ያን ጊዜ በእንፋሎት ስለሚሄድ ተሳፋሪው ጭሱን እየዋጠ ነበር የሚጓዘው። ዛሬም ከሂትሮው ተነሥቶ የዩኒቨርሲቲው ሰፈር እስከሆነው እስከ ራስል ስኩዌር ያለ ለውጥ በአንድ ባቡር መድረስ ይቻላል። ስሙ የምድር ውስጥ ይባል እንጂ ከሐዲዱ ከግማሽ የሚበልጠው ከምድር በላይ ነው፤ በዚሁ ጕዞ መጀመሪያ ላይ የሰው ጓሮና የተሰጣ ልብስ በመስኮት ይታያል። ተሳፋሪው ግን አይነጋገርም። በአዲስ አበባ ታክሲ ሒሳብ እየተቀባበለ ለለመደ ሰው ይህ ዝምታ ከብርዱ ይልቅ ይከብደዋል። በተንቀሳቃሹ ደረጃም ላይ የሚቆም ሰው በስተቀኝ ይቆማል፤ ግራው ለሚቸኵል ነው።

ስለ ዋጋው ጥቂት እንበል። ከተማይቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በቀጠና በቀጠና ተከፍላለች፤ የባቡሩም ዋጋ በሚቋረጠው ቀጠና መጠን ይጨምራል። ስለዚህ ራቅ ብሎ ርካሽ ክፍል የተከራየ ተማሪ ከቤት ኪራይ የቀነሰውን ባቡሩ መልሶ እንዳይወስድበት አስቀድሞ ማስላት አለበት። ለተማሪዎች የሚሰጠው ኦይስተር የተባለው ካርድ የሳምንት ወይም የወር ማለፊያ ለሚገዛ 30 በመቶ ይቀንሳል፤ በየጕዞው ለሚከፍል ግን አይቀንስም። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚማር ሰው ማለፊያው ላያዋጣው ይችላል። ደግሞም በሥራ ቀን፣ በእኛ ሰዓት ከጧቱ 12 ተኩል እስከ 3 ተኩል፣ ከቀኑም 10 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባቡሩ ይወደዳል።

በእኔ አስተያየት ተማሪን ከለንደን ጋር የሚያስማማው ባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ነው። ቢርቅም ቢቀርብም ዋጋው አንድ ነው፤ ሰዓት ጠብቆም አይወደድም። ከ2016 ወዲህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ሌላ አውቶቡስ የሚዛወር ሰው ሁለተኛ አይከፍልም። ሾፌሩ ከ2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልምና ካርድ መያዝ ግድ ነው። ለመውረድም «ወራጅ አለ!» ብሎ መጮህ የለም፤ ቀይዋን ደወል መጫን ይበቃል።

ቅዳሜ ጧት ከሃምፕስቴድ ሂዝ 24 ቍጥር አውቶቡስ ላይ ወጥቶ በፎቁ የፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው በካምደን ታውን ገበያ በኩል ወርዶ፣ ትራፋልጋር አደባባይን አልፎ፣ ፓርላማውን አይቶ ፒምሊኮ ይደርሳል። በካርታው ላይ ተበታትነው የነበሩት ስሞች ያን ጊዜ ይገጣጠማሉ፤ ከትራፋልጋር እስከ ሌስተር ስኩዌርና እስከ ኮቨንት ጋርደን ያለው የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ መሆኑንም ዓይን ይመሰክራል። ዘገምተኛ ነው፤ አይካድም። ፈተና ያለበት ተማሪ በባቡሩ ይሂድ።

ሌሊት የሚያመሽም እንዲሁ ይወቅ፦ ከ2016 ጀምሮ አንዳንድ የባቡር መስመሮች ዓርብና ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ፤ በሌሎቹ ሌሊቶች የሚያስገባው አውቶቡስ ነው፤ ብዙዎቹም ከትራፋልጋር አደባባይ ይነሣሉ።