የጓደኛዬ እጆች

ተዋናይት መሆን የምትፈልግ ልጅ መጀመሪያ የሚቀርብላት ጥያቄ «ማልቀስ ትችያለሽ?» የሚል ነው። ደሴ ውስጥ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የቴአትር ክበብ ጎበዝ የሚባለው እንባው ቶሎ የሚወርድለት ነበር። የኔ ቶሎ ይወርዳል። በወላጆች ቀን እናቷ የሞተችባትን ልጅ ሆኜ ስጫወት፣ ከፊት የተቀመጡት እናቶች የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ አየሁና ልቤ አበጠ። እማዬም ከነሱ ጋር አልቅሳለች። ቤት ስንገባ ግን ፊቷን ተጣጥባ «አሁን አንቺ አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» አለችኝ።

አልፈርድባትም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ በ1948 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት በነበሩት ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። አስናቀች ወርቁ ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆና መድረክ ስትወጣ፣ ውበቷንም ክራሯንም ያደነቀው ሕዝብ ሁሉ «ልጄ እንደሷ ትሁንልኝ» የሚል አልነበረም። ይህን ለእማዬ ብነግራት «እኔስ ምን አልኩሽ?» ነበር የምትለኝ።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲገባ የእማዬ ትንሽ ሱቅ ባዶዋን ቀረች። አዲስ አበባ ወርጄ ትወና ለመሠልጠን ያሰብኩት በዚያች ሱቅ ገንዘብ ነበር። ሱቋንም ሥልጠናውንም መልሼ አቆማለሁ ብዬ ሳዑዲ ለመሄድ ተመዘገብኩ። በሕጋዊ መንገድ ለሚሄድ ሰው ሥልጠና ወስዶ የብቃት ምዘና፣ እኛ ሲኦሲ የምንለውን፣ ማለፍ ግድ ነው። መዛኟ ፊት የሌለ አቧራ ጠረግኩ፤ ለአሻንጉሊት ሕፃን ዳይፐር ቀየርኩ፤ ሳልጠየቅ እሹሩሩም ጨመርኩለት። ያሳለፈኝ እሹሩሩው ሳይሆን አይቀርም። ለረጅም ጊዜ ያለፍኩት ብቸኛ ኦዲሽን እሱ ነበር።

ኮንትራቱ የጣለኝ ጂዛን ውስጥ ፈይፋ ላይ ነው። ጂዛን ሲባል ሰው የሚያስበው የቀይ ባሕሩን ወበቅ ነው፤ ፈይፋ ግን ከዚያ ሜዳ ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ ነው፣ ጫፉ ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። ዓረቦቹ የጨረቃ ጎረቤት ይሉታል። የካፊሌ፣ የአሠሪዬ፣ ሃይሉክስ በጭጋግ ውስጥ እየተጠማዘዘች ስትወጣ የታየኝ እርከን፣ ማሽላ፣ ቡና፣ ከድንጋይ የተካበ ክብ ቤት ነው። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ የምሄድ መሰለኝና ሳላስበው አፌን በእጄ ያዝኩ። የአካባቢው ቡና ኸውላኒ ይባላል፤ የአመራረት ዕውቀቱ በ2022 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። እኔ በነበርኩበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈላው ግን ገለፈቱ ነው፣ ከዝንጅብል ጋር። «ቡና እኮ ከኛ አገር ነው የመጣላችሁ» ብዬ ለልጆቹ ብነግራቸው ሳቁብኝ።

ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ማዶ የሚታየው ተራራ የመን ነው። እኔ በአውሮፕላን መጣሁ፤ በዚያ በኩል ደግሞ ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ በጀልባ ተሻግረው፣ በየመኗ ሰዓዳ አድርገው፣ በእግራቸው የሚመጡ አሉ። ሂውማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2023 ባወጣው ሪፖርት በዚህ ድንበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በድንበር ጠባቂዎች ተገድለዋል ብሏል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረተ ቢስ ነው ብሎ አስተባብሏል። እኛ ሠራተኞቹ ስለዚህ ብዙ አናወራም። «በባሕር የመጣች» እና «በኮንትራት የመጣች» ተባብለን እናልፋለን።

የፈይፋ የመጀመሪያ ተመልካቾቼ የቤቱ ልጆች ነበሩ። ተራራው ላይ ጋማቸው የነጣ ዝንጀሮዎች ይርመሰመሳሉ፤ አዋሽ ላይ የምናያቸው ዓይነት ናቸው። የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ዳቦ ሊሰርቅ የመጣውን አውራ አረማመድ ስሠራላቸው ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። መዳም ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ስትስቅ ሰማኋት፤ ስወጣ ግን ፊቷን አኮሳትራ ስለ ብረት ድስቱ ጠየቀችኝ።

ረመዳን ሲገባ ቤተሰቡ ከኢፍጣር በኋላ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። ጣሽ ማ ጣሽ የሚባለው አስቂኝ ድራማ በ1993 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፤ አባትም ልጅም ያውቁታል። እኔ ሳህን እያጠብኩ በበሩ ክፍተት አያለሁ። ዓረብኛዬ «አምጪ፣ ውሰጂ፣ ቶሎ በይ» ላይ የቆመ ስለነበር ቀልዱ አይገባኝም። ሳቁ መቼ እንደሚመጣ ግን ቀስ በቀስ ቀድሜ ማወቅ ጀመርኩ። ተዋናዩ ናስር አል ቀሰቢ ከመናገሩ በፊት ትንሽ ይዘገያል፤ ሰውን የሚያስቀው ያ መዘግየቱ ነበር። ቋንቋውን ብሰማ ኖሮ ይህን አላየውም ነበር። በኋላ ሃይፋ አል መንሱር ዋጅዳ የተባለውን ፊልም ስትሠራ፣ ሪያድ አደባባይ ላይ ከወንዶች ጋር መቆም ስለማይፈቀድላት መኪና ውስጥ ተቀምጣ በመገናኛ ሬዲዮ እንዳዘዘች አነበብኩ። ፊልሙ የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ.፣ አገሪቱ ለአሥርት ዓመታት ተዘግቶ የቆየውን ሲኒማ መልሳ የከፈተችው ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከወጥ ቤት በር ላይ መማር ያን ያህል ውርደት መስሎ አልታየኝም።

ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ፍቅር እስከ መቃብርን እሰማለሁ። አንድ ሰው በድምፁ ብቻ ፊታውራሪ መሸሻንም ጉዱ ካሳንም ሰብለ ወንጌልንም እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ያስገባልኛል። አንዳንድ ቀን በዚያው እንቅልፍ ይወስደኝና ጠዋት ስልኬ ባትሪ ጨርሶ አገኘዋለሁ።

ከሁሉም በላይ ያስተማረችኝ ግን የካፊሌ እናት ናት። ልጆቹ ጀዳ ይሏታል፤ እኔም ጀዳ አልኳት። የፈይፋ አሮጊቶች የሚናገሩት ሌላው ሳዑዲ እንኳ በቀላሉ የማይሰማው ስለሆነ እኔና እሷ በቃል ተግባብተን አናውቅም። ጸጉሯ ላይ ሪሃን ትሰካለች፤ ሽታው የእማዬን በሶብላ ያስታውሰኛል። ጉልበቷን ያማታል፤ አመመኝ ስትል ግን ማንም አልሰማትም። የእርከኑን ደረጃ መውረድ ስትጀምር ታንጎራጉራለች። ሕመሙ ሲብስባት ዜማው ይፈጥናል። የልጅ ልጆቿ አያታቸው ደስ ብሏት የምትዘፍን ይመስላቸው ነበር። እኔም ብዙ ጊዜ እንደዚያው መስሎኝ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ዜማው ሲፈጥን ቀድሜ እጄን ዘረጋሁላት። ማን ነገረሽ በሚል ዓይን አየችኝና ያዘችው። እኛ ክበብ ውስጥ የታመመች አሮጊት ስንሠራ ወገባችንን ይዘን «ወይኔ! ወይኔ!» ነበር የምንለው፤ ይጨበጨብልናል።

እኔም እንደ ጀዳ እንደማደርግ የነቃሁት ኢሞ ላይ ነው። ከእማዬ ጋር ሳወራ በስልኩ ጥግ የራሴ ትንሽ ፊት ይታየኛል። «ከሳሽ» ስትለኝ ቅንድቤ ቀድሞ ይነሣል፤ ፈገግታው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። «ካሜራው ነው እማዬ፣ ደህና ነኝ» እላለሁ። እሷም ሁልጊዜ ቡፌውን ከጀርባዋ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። እቤት ውስጥ የቀረው ዕቃ እሱ ብቻ እንደነበር ያወቅሁት ስመለስ ነው። አዝማሪ ልትሆኚ ነው ብላ የተቆጣችኝ ሴት ከኔ የበለጠች ተዋናይት ኖራለች።

ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። በሰፈሩ ሠርግ ሲኖር የየቤቱ ሠራተኞች አንድ ወጥ ቤት እንሰበሰባለን። ከነዚያ ሴቶች አንዷ፣ ከከሚሴ በኩል የሆነች፣ በባሕር የመጣች ናት፤ ጓደኛዬ ሆናለች። ታናሽ ወንድሟ በዚያው መንገድ ተከትሏት ሰዓዳ ደርሻለሁ ካለ በኋላ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አንድ የሠርግ ቀን አብሮት የተጓዘ ልጅ ደወለላትና መሞቱን ነገራት።

እኔ ያየሁት እንዲህ ነው። ስልኩን ዘግታ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ወደ መታጠቢያው ተመለሰች። የሩዝ ትሪ እያጠበች ስለነበር እሱኑ ማጠብ ቀጠለች። አገላብጣ አየችው፤ ደግማ አጠበችው። አረፋው ካለቀ በኋላም አውራ ጣቷ የትሪውን ጠርዝ ይዞራል፤ ትከሻዋ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር «ሽንኩርቱ ይበቃል?» አለችኝ።

አላቀፍኳትም። እጇን እያጠናሁ ነበር። ጣቷ ጠርዙን በየት በኩል እንደሚጀምር፣ የት ላይ እንደሚያመነታ፣ እስትንፋሷ ከእጇ ጋር እንደማይሄድ፣ ሁሉንም ለራሴ እየመዘገብኩ ቆሜያለሁ። ሌሎቹ ከበው ሲያቅፏት ነው የባነንኩት። ሌሊት ክፍሌ ገብቼ፣ ለወንድሟ ዱዓ ከማድረጌ በፊት፣ በባዶ እጄ ትሪ አጥቤያለሁ።

ኮንትራቴን ጨርሼ ተመለስኩ። የእማዬ ሱቅ ግማሽ ያህል ሞላች፤ የተረፈው ለሥልጠናው ሆነ። አሠልጣኛችን ስለ ስታኒስላቭስኪ ሲያስተምረን ተዋናይ የራሱን የስሜት ትዝታ ቆፍሮ ያወጣል አለን። የሰው ትዝታ ስለሚወስድ ተዋናይ ግን የነገረን ነገር የለም፤ እኔም እጄን አውጥቼ አልጠየቅሁም። ብዙም ሳይቆይ ከዓረብ አገር የተመለሰች የቤት ሠራተኛ ሆና የምትጫወት ትፈለጋለች የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ አየሁ። ይህቺስ የኔ ናት ብዬ ሄድኩ። «የወንድምሽን መርዶ ሰማሽ፣ ጀምሪ» ተባልኩ። ትሪዬን አጠብኩ፤ ስለ ሽንኩርቱ ጠየቅሁ።

ዳይሬክተሩ እስክጨርስ ጠብቆ «ስሜት የለውም እኮ። አልቅሺ እንጂ፣ ተመልካቹ ምን ይይልሽ?» አለኝ። ከኔ ቀጥላ የገባችው ልጅ ጩኸት ኮሪደር ድረስ ተሰማ፤ ሥራውን እሷ ወሰደች። በልቤ ናቅሁት። ዓረብ አገርን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው አልኩ። በ2014 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘውን ድፍረት የተባለውን ፊልም ለጓደኞቼ እየከፈትኩ፣ ሒሩትን ሆና የተጫወተችውን ትዝታ ሀገሬን እያሳየሁ «አያችሁ፣ ዝም ስትል ነው ሆድ የምታባባው» እላቸው ነበር። አሁንም በዚህ አልተለወጥኩም። የኛ ፊልሞች ለእንባ ያላቸው ፍቅር ከልክ ያለፈ ነው።

የለወጠኝ ሌላ ነው። ጓደኛዬ እስካሁን ጂዛን ናት፤ ወደ ሰብያ ወርዳ ትሠራለች። አንድ ማታ ስትደውልልኝ አልቻልኩምና ነገርኳት፦ እጇን እንዳጠናሁ፣ ኦዲሽን ላይ እንደሠራሁት፣ እንዳላለፍኩም። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«የምን ትሪ?» አለችኝ።

አስረዳኋት።

«አንቺ፣ እኔ እኮ ጮኬያለሁ» አለች። «ድምፄ ተዘግቶ ሰነበተ። የሙሽራው እናት ሳትቀር መጥታ ውሃ ያፈሰሰችብኝ ረሳሽው?»

«ሽንኩርቱ ይበቃል ወይ ያልሽኝስ?»

ዝም አለች። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኬን አየሁት። «እሱን ያልሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «እኔ ወንድሜ ሞተ እልሻለሁ፣ አንቺ ስለ ሽንኩርት ትጠይቂኛለሽ። እስካሁን ተቀይሜሽ ነበር።»

እዚያ ወጥ ቤት ከነበሩት ሌላዋን ደውዬ ጠየቅሁ። ጩኸቱን ታስታውሳለች፤ ትሪውንም ታስታውሳለች፤ ሽንኩርቱን ማን እንዳነሣው ግን አታውቅም። እኔ የማምነው ዓይኔን ነበር። ያን ያህል አፍጥጬ ያየሁትን ነገር፣ ጣት በጣት የቀዳሁትን፣ ግማሹን ከራሴ ጨምሬበት ይሆናል፤ ጩኸቷን ደግሞ ከነጭራሹ ጥዬዋለሁ። ወይም እሷ ናት የተሳሳተችው። መርዶ የሰማ ሰው የራሱን እጅ አያይም። ከሁለት አንዱን መርጬ ማመን እስካሁን አልቻልኩም፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሰው ነገር ስወስድ ለባለቤቱ ሳልነግር አልሠራውም።

አሁን ከጥቂት አማተሮች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የምንለማመደው አጭር ቴአትር አለ። ታሪኩን ስነግራቸው ደራሲያችን ትዕይንቱን የሁለት ሴቶች አደረገው። ትሪውንም ጩኸቱንም ሌላ ልጅ ትሠራዋለች፤ ከኔ የተሻለ ጉሮሮ አላት። እኔ ሽንኩርቱን የምትጠይቀዋን ስጡኝ አልኩ። ያለችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ቀዝቅዤም ሞክሬያታለሁ፣ ተንቀጥቅጬም፣ ወደ ሌላ እያየሁም። ባለፈው ጓደኛዬን በኢሞ አስገብቻት ልምምዱን እያየች ሳለ ከስልኩ ውስጥ አቋረጠችኝ።

«አይደለም፣ እንደዚያ አላልሽውም» አለችኝ። «ቸኩለሽ ነበር። እንግዳ ሊገባ ነው ተብሎ ስንጣደፍ አልነበር እንዴ? ሽንኩርቱም የምር ጎድሎ ነበር። እስቲ እንደገና በይው።»