በደረቅ መሬት የሰጠመው ወታደር

ሰሞኑን አንድ ግጥም ወደ አማርኛ ለመመለስ ስታገል ሰንብቻለሁ። የእንግሊዛዊው የዊልፍሬድ ኦወን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1917 መገባደጃ ላይ የተረቀቀ። ኦወን ያን ጊዜ የ24 ዓመት መኮንን ነበር። ከፈረንሳይ ግንባር መንፈሱ ታውኮ ተመልሶ ኤድንብራ በሚገኝ የመኮንኖች ሆስፒታል ይታከም ነበር። ግጥሙ 28 ስንኝ ነው። 27ቱን እንደ ምንም ተወጣኋቸው። አንዱ ስንኝ ላይ፣ እሱም ውስጥ አንዲት ቃል ላይ፣ ቆሜ ቀረሁ።

ታሪኩ አጭር ነው። ድካም ያጎበጣቸው ወታደሮች ከግንባር ወደ ማረፊያቸው እግራቸውን እየጎተቱ ይመለሳሉ። በድንገት የመርዝ ጋዝ ይወርድባቸዋል። ሁሉም እየተርበተበቱ ጭምብላቸውን ያጠልቃሉ፤ አንዱ ግን ይዘገያል። ተናጋሪው ያን ሰው በጭምብሉ መስታወት በኩል ያየዋል። መስታወቱ ደብዝዟል፣ አየሩ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሰውየው ባሕር ውስጥ እንደገባ ሰው ይሰጥማል።

መጀመሪያ ሳነበው የባሕሩን ነገር ለውበት የገባ ምሳሌ አድርጌ አልፌው ነበር። በኋላ ስለ ጋዙ ሳነብ ግን ደነገጥኩ። ክሎሪንም ሆነ ፎስጂን የተባለው ጋዝ ሳንባን ሲያቃጥለው ሳንባው ውኃ ይቋጥራል፤ ሰውየው ጠብታ ውኃ በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ከገዛ አካሉ በወጣ ውኃ ታፍኖ ይሞታል። ለካ ኦወን ምሳሌ አልፈለገም። ያየውን ነው የተናገረው። ክረምት ላይ የሞላ ወንዝ ሰው ሲወስድ የቆመበት ሰው ያውቀዋል፤ እጁ ብቅ ይላል፣ ትጮሃለህ፣ አትደርስለትም። ያ ሁሉ በደረቅ መሬት፣ በክንድ ርቀት ሲሆን አስቡት።

ከዚያ ኦወን አንድ ነገር አደረገ። ያ ሞት በየሕልሙ እንደሚመጣበት ሲናገር ቤት መምቻው ላይ እንደገና ያንኑ «መስጠም» የሚለውን ቃል አመጣው። በእኛ ግጥም አንድን ቃል ከራሱ ጋር ቤት ማስመታት፣ ኅብር ካልያዘ በቀር፣ የጀማሪ ድካም ይባላል። በእንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። ኦወን ደግሞ ቤት የሚያጥረው ሰው አልነበረም፤ በቀሩት ስንኞች ሁሉ በወጉ አስመትቷል። እዚህ ላይ ብቻ ሰጠመና ሰጠመ። ከሕልሙ መውጣት አልቻለም፤ ከቃሉም አልወጣም። ስለ ጦርነት የሥነ ልቦና ቁስል ብዙ ገጽ አንብቤያለሁ። እንደዚህች የተደገመች ቃል ያስረዳኝ ግን የለም።

እኔን ያቆመችኝ ቃል ከዚያው አጠገብ ናት። ሁለት ነገር አንድ ላይ ታስባለች፤ ሰሙ ቀልጦ እየፈሰሰ ልትጠፋ የተቃረበች ሻማን፣ እንዲሁም በቦይ የሚንዶቆዶቅ የዝናብ ውኃን። በዚያ ላይ ድምፅዋ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው። «ጭል ጭል» ብል ሻማዋ ትመጣለች፣ ጉሮሮው ይቀራል። «ተጣጣረ» ብል ጣሩ ይመጣል፣ መብራቱ ይጠፋል። «ተንተከተከ» ብል ድስት መሰለብኝ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ።

ይህን ያህል ስለ አንድ ቃል ለምን እጨነቃለሁ? ጦርነትን የምንነግርባቸው ቃላት አብዛኞቹ ተሰፍተው የተቀመጡ ልብሶች ስለሆኑ ነው። በዜና «ተደመሰሰ»፣ «ከጥቅም ውጭ ሆነ»፣ «ሙትና ቁስለኛ» እንላለን። «ተሰዋ» የሚለውን አልነቅፍም፤ ለእናት ሊነገር የሚቻለው ቃል እሱ ብቻ የሚሆንበት ቀን አለ። ነገር ግን «ተሰዋ» ስንል ምን ያህል ደቂቃ እንደፈጀበት፣ ማንን እንደተጣራ፣ እጁ ምን እንደጨበጠ አንጠይቅም። ቃሉ ራሱ ጥያቄውን ይዘጋዋል።

ፉከራና ቀረርቶ እወዳለሁ። ስሰማ ደሜ ይሞቃል፣ ይህን አልክድም። ግን ፉከራ ይበልጡን የሚመጣው ከውጊያው በፊት ነው፣ ሙሾ ደግሞ በኋላ። መካከል ላይ ያሉት ደቂቃዎች አፍ የላቸውም። የኦወን ግጥም የገባው እዚያ መካከል ነው። ረቂቁን መጀመሪያ ያነጣጠረው ወጣቶች እንዲዘምቱ በጋዜጣ በምትቀሰቅስ ጄሲ ፖፕ በምትባል ገጣሚ ላይ ነበር፤ ርእሱንም ለአገር መሞትን ከሚያሞካሽ የጥንታዊው ሮማዊ ገጣሚ የሆራስ የላቲን ስንኝ ነው የወሰደው። የእነሱን ፉከራ በፉከራ አልመለሰም። የአንድን ሰው ሞት ከነድምፁ አምጥቶ ፊታቸው አስቀመጠ።

ሙሾም ቢሆን፣ በጥሩ አልቃሽ አፍ ሲሆን፣ ወደዚያው ይጠጋል። የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። የልጁ ጃኬት ተዘርግቷል። አንዱ ቁልፉ ተበጥሷል፤ እናቱ ሲመለስ እተክልለታለሁ ብላ በመሀረብ ጫፍ ቋጥራ ያስቀመጠችው ነበር። አልቃሿ ጀግንነቱን ተናገረች፣ ዘሩን ቆጠረች፣ ሰዉም በወጉ አለቀሰ። ወደ ቁልፏ ስትመጣ ግን ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ደረቱን ብርድ እንዳገኘው ጠየቀችው። ከበር አካባቢ የተቀመጡት ወንዶች ሳይቀሩ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔ እስካሁን ያን ጦርነት በቁጥር ሲነግሩኝ አልይዘውም፤ ቁልፏን ግን አልረሳትም።

ጋዙም ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። የሰናፍጭ ጋዝን ጣሊያኖች ኢፕሪት ይሉታል፤ በቤልጂየሟ ኢፕር ከተማ ስም ነው። ጀርመኖች እዚያ መጀመሪያ የተጠቀሙበት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1917፣ ኦወን ግጥሙን ከማርቀቁ ሦስት ወር ያህል ቀድሞ ነበር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ያው መርዝ በሰሜን ግንባር በእኛ ሰው ላይ ከጣሊያን አውሮፕላን ይወርድ ጀመር፤ ጭምብል በሌለው፣ አብዛኛው በባዶ እግሩ በሚሄድ ሠራዊት ላይ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በአማርኛ ሲናገሩ ያን ነገር በዝናብ መሰሉት። ሰዉን፣ ከብቱን፣ ወንዙን፣ ግጦሹን ያራሰ ዝናብ። ለገበሬ አገር ሰው ዝናብ ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ አንጋጦ የሚለምነው፣ ሲመጣ እልል የሚልለት ነው። የመንግሥት ንግግር ነበር፣ ግን በዚያች ቦታ ገጣሚ የሚያደርገውን አደረገ። ሰማዩን ራሱን ከዳተኛ አድርጎ አሳየን።

ኦወን ወደ ግንባር ተመልሶ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1918 አንድ ቦይ ለመሻገር በተደረገ ውጊያ ተገደለ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሰባት ቀን ቀርቶት ነበር። ቴሌግራሙ ወላጆቹ ቤት የደረሰው ተኩስ በቆመበት ዕለት ነው።

ትርጉሜን ባለፈው ሳምንት ቅኔ ለተማሩ አንድ አባት ወሰድኩላቸው። በወጣትነታቸው ዘምተዋል፤ ስለ እሱ ግን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ሲሰጥም»ና «ሲሰጥም» ላይ በእርሳስ አሰመሩ።

«ልጄ፣ ይኼ ቤት አልመታም።»

«ጋሼ፣ እሱም እንዲሁ ነው ያደረገው» አልኳቸው። የሕልሙን ነገር ነገርኳቸው።

እንደገና አነበቡት። ረጅም ጊዜ ወረቀቱን ይዘው ቆዩ።

«ተወው» አሉኝ። «እንደ ሰጠመ ይቅር።»

የሻማዋ ቃል ግን አሁንም አልተገኘችም። ጎጃምም ይሁን ወሎ፣ ሸዋም ይሁን ጎንደር፣ ጧፍ ሊያልቅ ሲል የሚያሰማውን ድምፅና የሰው ጉሮሮ ሲዘጋ የሚያሰማውን ባንድ ቃል የሚጠራ አገር ካለ ንገሩኝ። ቦታዋን ባዶ ትቼ እየጠበቅኳት ነው።