የመርዶ ትኬት

ጀርመን አገር የሚኖር አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ደውሎ ምሬቱን አወራኝ። ዘመድ ሞቶበት በማግስቱ ከፍራንክፈርት ወደ በርሊን የሚወስደው የባቡር ትኬት ሲፈልግ፣ ከሁለት ወር በፊት ቢገዛ ኖሮ ከሚከፍለው ሦስት እጥፍ ተጠየቀ። የዚያ አገር ባቡር አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ርካሹ ትኬት በቁጥር የተወሰነ በመሆኑ ቀድሞ የመጣ ይወስደዋል፤ የጉዞው ቀን እየቀረበ ሲሄድ ርካሹ ያልቅና ውዱ ብቻ ይቀራል። «ሞት የሁለት ወር ቀጠሮ ይሰጣል እንዴ?» አለኝ ወዳጄ። ሳቅሁ። መሳቄ ጨክኜበት ሳይሆን በ2000 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን የገጠመኝ ትዝ ብሎኝ ነው።

እኛ ጎጃሞች ስለ ባቡር ትኬት ብናወራ ያስቅብናል። ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ከ1909 ዓ.ም. ወዲህ ከአንድ ምዕት ዓመት በላይ አልፏል፤ በጅቡቲ መስመር ላይ አሮጌው ሐዲድ አርጅቶ አዲሱ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ዓባይን የተሻገረ ሐዲድ ግን የለም። ለነገሩ በወረቀት ላይ አለን። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን በወጣው የባቡር መረብ ካርታ ላይ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልድያ በኩል ወደ አፋር የሚወርድ መስመር ተሠምሮ ነበር። ያን ካርታ ሳየው የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ መስመሩ ቢሠራ እንኳ ከፍኖተ ሰላም በቀጥታ አዲስ አበባ አያደርስም። በወልድያና በኮምቦልቻ ዞሮ አዋሽ ወርዶ መውጣት ነው! የታሰበው ወደ ወደብ ለሚሄድ እህል እንጂ ለቀብር ለሚቸኩል ሰው እንዳልነበረ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

መርዶው የደረሰኝ ጸሎተ ሐሙስ ማታ ነው። ያሳደገኝ አጎቴ ዐረፈ፤ ቀብሩ ነገ ነው፤ እስከ 8 ሰዓት እንጠብቅሃለን አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አታደርስም፤ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ በሆሳዕና ዕለት አስቀድማ ትፈታለች። ማን እንደሚሞት ሳታውቅ ቦታ ትይዝለታለች ማለት ነው። እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መናኸሪያ ስደርስ ግን ለእኔ ቦታ የያዘ አልነበረም። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው ቀና ሳይል «አልቋል» አለ። የባሕር ዳሩም አልቋል፣ የደብረ ማርቆሱም አልቋል። ዘወር ከማለቴ አንድ ጎረምሳ ክርኔን ያዘ። «ጋሼ፣ ወዴት ነው?» ነገርኩት። ትኬቱ በኪሱ ነበር፤ የባሕር ዳር ነው፣ ፍኖተ ሰላም መውረድ የእኔ ጉዳይ ነው፣ ዋጋው ወረቀቱ ላይ ከታተመው እጥፍ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ታሪፍ መንግሥት የሚወስነው ነው። ታሪፉ ድኻውን ከነጋዴ ይጠብቃል ተብሎ ይታመናል። ወንበር በጠፋበት ቀን ግን ዋጋው ከመስኮቱ ተነሥቶ ወደ ጎረምሳው ኪስ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። የገበያ ሊቃውንት ቢጠየቁ ታሪፉን ልቀቁት ይሉናል፤ እንደ ጀርመኑ ማለት ነው። ሕንዶች ሦስተኛ መንገድ አላቸው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ «ታትካል» በሚሉት አሠራር ከየባቡሩ የተወሰነ ወንበር ለቸኮለ ሰው አስቀርተው፣ ጉዞው አንድ ቀን ሲቀረው በግልጽ ጭማሪ ይሸጡታል፤ ጭማሪው የሚገባው ወደ ባቡሩ ካዝና ነው። እዚያም ደላላ እንዳልጠፋ አውቃለሁ። ሆኖም ችግሩ መኖሩን ማመን አንድ ነገር ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከየአውቶቡሱ አምስት ወንበር እስከ ንጋት ሳይሸጥ ይቆይ፣ በታሪፉ፣ በሰልፍ ይሰጥ እላለሁ። በመጨረሻው ሰዓት የሚመጣው መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ሽርሽር የሄደ አይደለም። ወይ መርዶ የመጣበት ነው፣ ወይ ከሆስፒታል የወጣ፣ ወይ ሥራ ያጣ።

ይህን ሁሉ ያኔም አውቅ ነበርና ለጎረምሳው «ለሌባ አልከፍልም» አልሁት። ገንዘቡ በኪሴ ነበር።

አጠገቤ ጋቢ የደረቡ፣ ሽመል የያዙ ሽማግሌ ከታመመች ልጃቸው ጋር ቆመዋል። የቡሬ ገጠር ሰው ናቸው። ለእሳቸውም ያው ዋጋ ተነግሯቸዋል። «እኔ ይህን ከፍዬ ከገባሁማ መድኃኒቷን በምን ልገዛ ነው ልጄ?» አሉኝ። ከዚያም እንደ አባት መከሩኝ፤ ረጅሙ መንገድ ሲወደድ ቆራርጦ መሄድ ነው። ሦስታችን ተያይዘን በሚኒባስ ፍቼ፣ ከፍቼ በቅጥቅጥ ጎሐ ጽዮን ሄድን። በየመናኸሪያው መኪናው እስኪሞላ ጠበቅን። ዕለቱ ስቅለት ነውና እህል የቀመሰ የለም፤ ልጂቱ ብቻ ውኃ ትጎነጫለች። በረሃውን ወርደን በአሮጌው ድልድይ ተሻገርን፤ በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ የተመረቀው ከወራት በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ደጀን ላይ እህል አራግፎ ባዶውን ወደ ቡሬ የሚመለስ አይሱዙ አገኘን። አባትና ልጅ ጋቢና ገቡ፣ እኔ ከኋላ ተጫንሁ። ሾፌሩ የጠየቀን ትንሽ ነው። ደምሬ ሳየው ከታተመው ታሪፍ እንኳ ያነሰ ነበር፤ ዛሬም ርካሽ ጉዞ ለሚጠይቀኝ የምነግረው መላ ይኸው ነው።

ዛሬ ማለቴን ግን ልመልሰው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየሰዉ ስልክ ገብቷል፤ በዚህ መንገድ ግን የትኬት ነገር ሁለተኛ ጥያቄ ከሆነ ሰነበተ። የመጀመሪያው «መንገዱ ክፍት ነው?» የሚለው ነው። ስሟ የሰላም መንገድ የሆነችው ከተማ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአየር ጥቃት ሰው ሞቶባታል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በዚሁ መንገድ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። መኪና እየቆራረጡ በየከተማው ሲጠብቁ መዋልን አሁን ለማንም ደፍሬ አልመክርም።

ደንበጫን፣ ጅጋን አልፈን ፍኖተ ሰላም የገባነው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ሽማግሌው ከጋቢናው አንገታቸውን አውጥተው «እግዜር ያጽናህ፣ ባትደርስም መጥተሃል» አሉኝና መኪናው ወደ ቡሬ ቀጠለ። ባለ እጥፍ ዋጋው አውቶቡስ 8 ሰዓት ሳይሞላ በከተማዋ ማለፉን በኋላ ሰማሁ።

ድንኳኑ ውስጥ አክስቴ ከመሬት ተቀምጣለች። አንገቴን አቅፋ አለቀሰችና፣ «ሳንጠብቀው ቀበርነው ብለህ እንዳትቀየመን፤ እስከ 9 ሰዓት ቆይተንልህ ነበር» አለችኝ። መኪና አጣሁ አልኋት። ለጎረምሳው ያልከፈልሁት ገንዘብ እንደታጠፈ በኪሴ ነበር። ለተዝካሩ ይሁን ብዬ ሰጠኋት፤ ሳትቆጥረው በመቀነቷ ቋጠረችው።