የሳንታ ቴሬዛ ልጆች ሸክላ

በብራዚል ቤሎ ሆሪዞንቴ ከተማ፣ ሳንታ ቴሬዛ በሚባለው ሰፈር፣ የዲቪኖፖሊስና የፓራይሶፖሊስ መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ ዓይን የሚስብ ነገር የለውም። የሰፈር ቤቶች፣ የእግረኛ መንገድ፣ ግድግዳ ላይ ያለች የመታሰቢያ ጽሑፍ፤ በቃ። በስልሳዎቹ መጨረሻ ግን የቦርጄስ ቤት ልጆችና ጓደኞቻቸው ጊታር ይዘው የሚሰበሰቡት እዚህ ነበር። ክለብ ገብቶ ለመዝናናት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ እነሱ ያላቸው የመንገዱ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ጥጉን ራሱን ክለብ አሉት። ቀልዱ መጀመሪያ የአንድ ዘፈን፣ ቀጥሎ በ1972 (በእኛ 1964 ዓ.ም.) የወጣ ባለ ሁለት ሸክላ አልበም፣ ውሎ አድሮም የአንድ ትውልድ መጠሪያ ሆነ፦ ክሉቤ ዳ ኤስኪና፣ የጥጉ ክለብ።

የአልበሙ ባለቤቶች ሁለት ናቸው፤ ሚልተን ናሲሜንቶና ሎ ቦርጄስ። ሚልተን ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ በ1942 ሲወለድ እናቱ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። ነጭ ባልና ሚስት፣ ሊሊያና ዚኖ፣ ወስደው ሚናስ ዤራይስ በሚባለው ተራራማ ክፍለ ሀገር፣ ትሬስ ፖንታስ በምትባል ትንሽ ከተማ አሳደጉት። እሷ ሙዚቃ የምታውቅ፣ እሱ ራዲዮ ጣቢያ የሚመራ። ልጁም እዚያው ጣቢያ ሸክላ አጫዋች ሆነ። አድጎ ቤሎ ሆሪዞንቴ ሲገባ ቀን ቢሮ ውስጥ ታይፕ እየመታ፣ ማታ እየዘፈነ ይኖር ጀመር። ያረፈበት የሌቪ ሕንፃ ደግሞ 11 ልጆች ያሉት የቦርጄስ ቤተሰብም የሚኖርበት ነበር። ትንሹ ሎ፣ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ፣ በደረጃው ሲወርድ የሚልተንን ጊታርና ድምፅ ሰምቶ እንደ ቆመ ቀረ ይባላል።

ሚልተን የቀረበው ግን መጀመሪያ የሎን ታላቅ ወንድም ማርሲዮን ነበር። በ1964 ሁለቱ የፈረንሳዊውን ፊልም ሠሪ የትሩፎን «ዡል እና ዢም» ፊልም ለማየት ገቡ፤ አልጠግብ ብለው ደጋግመው አዩት። ከሲኒማ ወጥቶ ሕይወቴ ተለወጠ የሚል ሰው ሞልቷል፤ እነዚህ ግን እዚያው ሌሊት ተቀምጠው ሦስት ዘፈን ሠሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሚልተን በሪዮው የዘፈን ፌስቲቫል፣ ግጥሙን ፈርናንዶ ብራንት በጻፈለት «ትራቬሲያ» ሁለተኛ ወጥቶ አገር አወቀው።

እንግዲህ በ1971 ሚልተን ስም ያለው ዘፋኝ ነው። ሎ ደግሞ ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ከሰፈሩ ውጭ ማንም የማያውቀው ልጅ። ከጓደኛው ከቤቶ ጌዴስ ጋር ቢትልስን እየቀዱ ሲጫወቱ ነው ያደገው። ሚልተን ይህን ልጅ ከራሱ እኩል አድርጎ፣ የሁለት ሸክላ አልበም እንሥራ ብሎ ሸክላ አሳታሚው ኦዴዎን ኩባንያ ዘንድ ቀረበ። ታዋቂ ሰው ጀማሪን አጃቢ ያደርጋል እንጂ ባለቤት አያደርግም። ለእኔ የዚህ አልበም ትልቁ ነገር የተደረገው ገና አንድ ኖታ ሳይቀዳ፣ በዚህ ውሳኔ ላይ ነው።

ከዚያም ሚልተን፣ ሎና ቤቶ ከሪዮ ባሻገር፣ ኒቴሮይ ዳርቻ ፒራቲኒንጋ የባሕር ዳር አንድ ቤት ገብተው አብረው መኖር ጀመሩ። አንዱ በአንደኛው ክፍል ዜማ ይፈልጋል፣ ሌላው በሌላኛው። ማርሲዮ፣ ብራንትና ሮናልዶ ባስቶስ ግጥም ይጽፋሉ። ስቱዲዮ ሲገቡም ያው የሰፈር ወግ ቀጠለ፤ ጊታር የለመደው ቤዝ ያነሣል፣ ሥራ የፈታው ከበሮ ይመታል። ከትሬስ ፖንታስ ጀምሮ የሚልተን ባልንጀራ የሆነው ቫግነር ቲሶና ኤውሚር ዴኦዳቶ አቀናበሩት፤ ፓውሎ ሞውራ ኦርኬስትራውን መራ። ቶኒኞ ኦርታ በ«ኦ ትሬም አዙል» (ሰማያዊው ባቡር) መሐል የተጫወታትን አጭር የጊታር ሶሎ ጊታር የሚማሩ ብራዚላውያን እስከ ዛሬ ይለማመዷታል።

አሁን ብዙ ዘፈን የሚሠራው ተያይተው በማያውቁ ሰዎች መካከል በኢንተርኔት በሚላክ ድምፅ ነው። ክፉ ነው አልልም፤ ጥሩ ጥሩ ሥራ ይወጣል። ግን አብሮ የበላና አብሮ ያመሸ ሰው ሲጫወት የሚሰማ አንድ መተማመን አለ፤ እሱን በሽቦ መላክ አይቻልም።

ከአልበሙ «ካይስ»ን ስሙት። ሚልተን በጊታር፣ ቀስ ብሎ፣ ስለ ወደብ ይዘፍናል። ዘፈኑ ያለቀ ሲመስል ፒያኖ ይገባና ከዘፈኑ ጋር ዝምድናው ያልታወቀ፣ ከባድና ዘገምተኛ ዜማ ይመላለሳል፤ ያ ምን ነበር ሳትሉ ያበቃል። ትረሱታላችሁ። ከዚያ ብዙ ዘፈኖች አልፈው፣ በሁለተኛው ሸክላ «ኡም ጎስቶ ዴ ሶል» ሲያልቅ፣ ያው ዜማ በባለ አውታር መሣሪያዎች ተመልሶ ይመጣል። ሙዚቃን ቁርጥራጭ አድርጎ የሚሰማ ሰው ይህን ፈጽሞ አያገኘውም። ሃያ አንዱን ዘፈን በተርታ ማድመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዘመኑም ዘመን ነበር። የብራዚል ወታደሮች በ1964 ሥልጣን ይዘው፣ በ1968 ታኅሣሥ ያወጡት አዋጅ የቀረውንም አፍ ዘግቶ ነበር። ስለዚህ አልበሙ ስለ ባቡር፣ ስለ መስኮት፣ ስለ ወደብ፣ ስለ መንገድና ስለ ሄዱ ጓደኞች ያወራል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ትርጉሙ አይጠፋም። «ናዳ ሴራ ኮሞ አንቴስ» የሚለው ርዕስ ራሱ ምንም እንደ ድሮው አይሆንም ማለት ነው። አልበሙ በወጣ በዓመቱ ሳንሱር የሚልተንን ግጥሞች ሲከለክልበት ዘፈኖቹን አልጣላቸውም፤ ቃሉን አውጥቶ በድምፅ ብቻ እያዜመ አሳተማቸው።

ሽፋኑ ላይ ስም አልነበረም። ሁለት ልጆች፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ፣ የአፈር መንገድ ዳር ተቀምጠው ያያሉ። ካፊ የተባለው ፎቶ አንሺ በኖቫ ፍሪቡርጎ አካባቢ በመኪና ሲያልፍ ያነሣቸው ናቸው። ለዓመታት ብዙ ሰው ሚልተንና ሎ በልጅነታቸው መስለውት ኖረዋል። እውነተኞቹን ልጆች በ2012 ጋዜጠኞች ፈልገው አገኟቸው፤ እዚያው አገራቸው ጎልምሰው። አርባ ዓመት ሙሉ መልካቸው በየቤቱ ሲሰቀል እነሱ አያውቁም ነበር። ይህን ታሪክ ሰው እንደ ጣፋጭ ወግ ያወራዋል፤ እኔ ግን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያን ሁሉ ጊዜ የጠየቃቸው አልነበረም።

አልበሙ እንደ ወጣ ሃያስያን ቀዝቀዝ ብለው ነው የተቀበሉት። ዘፋኞቹ ቀደሟቸው፤ ኤሊስ ሬጂና በዚያው ዓመት ከአልበሙ ሁለት ዘፈኖች ቀዳች፤ ቶም ጆቢም በ1994 በወጣው የመጨረሻ አልበሙ «ኦ ትሬም አዙል»ን ዘፈነ። ክሉቤ ዳ ኤስኪና ሃምሳ ዓመት ሲሞላው በ2022 ከብዙ ባለሙያዎች በተሰበሰበ ድምፅ የምንጊዜም ምርጡ የብራዚል አልበም ተባለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ሚልተን በቤሎ ሆሪዞንቴው ሚኔይራው ስታዲየም የመጨረሻ ኮንሰርቱን አቀረበ።

የጥጉ ልጆች እየሄዱ ነው። ፈርናንዶ ብራንት በ2015 ሞተ። ካፊ በ2019 መጀመሪያ ቀን። ሎ ቦርጄስም፣ ያ በደረጃው ላይ የቆመው ልጅ፣ በ2025 ኅዳር መጀመሪያ በ73 ዓመቱ ዐረፈ።

ፖርቱጋልኛ አንሰማም ብላችሁ እንዳትተዉት። ከአልበሙ መካከል ቃል የሌላቸው ዘፈኖች አሉ፤ አንደኛው ሚልተን ባሳደገችው እናቱ ስም የሰየመው «ሊሊያ» ነው። ከእሱ ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ሸክላ ተመልሳችሁ ሳትዘሉ እስከ መጨረሻው ስሙት።